የሚንበረከከው አውሮፕላን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለዳ አክሱም ላይ አንድ ግዙፍ አውሮፕላን አረፈ። ሊቀበል የወጣው ሕዝብ ዓይኑ አውሮፕላኑ ላይ አልነበረም፤ በሆዱ ይዞት የመጣው ድንጋይ ላይ ነበር። የኢጣሊያ ፋሽስቶች ወደ ሮም ወስደውት የነበረው የአክሱም ሐውልት የመሀል ክፍል ከ68 ዓመት በኋላ አገሩ ገባ። ካህናት ዘመሩ፣ እናቶች እልል አሉ። ዓርብ ሁለተኛው ክፍል ተከተለ፤ ሰኞ ሦስተኛው። ሮምም በዚያች ማክሰኞ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የተመረጡት በዚያው ዕለት ነው።

ስለ ሐውልቱ ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም። ስለ ተሸካሚው ግን እምብዛም አልተወራም። በእኛ አገር "አንቶኖቭ" ሲባል የአንድ ዘመን ሰው ጆሮ ውስጥ የሚያቃጭለው ባለ አራት ፕሮፔለሩ አንቶኖቭ 12 ነው፣ የጦርነት ዘመን አውሮፕላን። አክሱም ያረፈው የዚያ ታናሽ ወንድም ነበር፤ በዕድሜ ታናሽ፣ በቁመና ግን ሌላ ፍጥረት። መለያው አንቶኖቭ 124፣ የቤት ስሙ ሩስላን ይባላል። ስሙ የተገኘው ከፑሽኪን የግጥም ጀግና ነው። ያ ደማችን ነው የምንለው፣ አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ የሰየምንለት ፑሽኪን።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይኼ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክ ሳወራ የምጠቅሰው የፈረንጆቹን ዓመት ነው) ፋሽስቶች ይህንኑ ድንጋይ በመኪና ወደ ምፅዋ አወረዱት፤ በመርከብ ጭነው ኔፕልስ አደረሱት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሮም መሀል ተክለው አስመረቁት። በዚያ ዘመን መኪና፣ በዚያ ዘመን መንገድ። ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ሰው ጨረቃን ረግጦ ከተመለሰ በኋላ፣ መመለሱ ግን መላ የጠፋለት ነገር ሆነ። ሐውልቱ ኅዳር 2003 ላይ በሦስት ተከፍሎ ወረደ፤ ከዚያም ዓመት ተመንፈቅ ያህል ጉዞ ሲጠብቅ ቆየ። የምፅዋ በር ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ተዘግቷል። ከአዲስ አበባ ወደ አክሱም የሚወስዱት መንገዶችና ድልድዮች ያንን ክብደት አይችሉትም ተባለ። የቀረው ሰማዩ ነበር። በሰማይ ደግሞ በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የሚታሰቡት የአውሮፕላን ዓይነቶች ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲ-5 ጋላክሲና የኪየቩ ሩስላን። ለዚያውም የአክሱም ማኮብኮቢያ አጭር ነው ተብሎ እንደገና መሠራት ነበረበት።

ለምን ሁለት ብቻ? በየቀኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቶን ዕቃ በሚበርበት ዓለም ለአንድ ድንጋይ ሁለት ተሸካሚ ብቻ እንዴት ይገኛል? ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሰኔ 1965። ፓሪስ አጠገብ ሌ ቡርዤ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ የዓለም አውሮፕላን ሠሪዎች ዕቃቸውን ዘርግተው ይታያያሉ። ከኪየቭ የመጣው ኦሌግ አንቶኖቭ በወጣትነቱ ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖችን ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ሙያውን የጀመረው ከቀላሉ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ያን ዓመት ይዞ የመጣው ግን አንቶኖቭ 22ን ነበር፤ ከተወለደ አራት ወር ያልሞላው፣ እስከ 80 ቶን የሚሸከም፣ በጊዜው በዓለም ትልቁን አውሮፕላን። ምዕራባውያኑ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

የኛም ሰው ይህን አውሮፕላን ያውቀዋል። በ1977 መጨረሻ፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ሶቭየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ ስታጓጉዝ ከተሰለፉት አውሮፕላኖች አንዱ እሱ ነበር።

አንቶኖቭ 22 ግን ግድግዳ ጋር የተጋጨ አውሮፕላን ነው፤ ግድግዳውም ፕሮፔለሩ ነው። እያንዳንዱ ሞተር 15,000 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ያን ጉልበት አንድ ፕሮፔለር ስለማይበቃው በየሞተሩ ላይ ሁለት ሁለት ፕሮፔለር በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራል። የፕሮፔለር ጫፍ እየዞረ ወደፊትም ስለሚሄድ ፍጥነቱ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት እጅግ ይበልጣል፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አየሩን መግፋቱን ትቶ መጮህ ይጀምራል። ከዚህ በላይ ትልቅ፣ ከዚህ በላይ ፈጣን ለማድረግ ቦታ አልቀረም። ጄት እንዳይሆን ደግሞ የዚያ ዘመን ጄት ሞተር ጠጪ ነው፤ ቀጭን የጋለ አየር በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ኋላ ይተፋል፣ ነዳጁን ይጨርሳል፣ ለጭነት ቦታ አያተርፍም።

መፍትሔው የተገኘው በባሕር ማዶ ነው። ሰኔ 30 ቀን 1968 ጆርጂያ ውስጥ ጋላክሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ክንፎቹ ሥር የተንጠለጠሉት አራት ሞተሮች እስከዚያ ድረስ ከታዩት ጄቶች ጋር አይመሳሰሉም ነበር። ፊታቸው ላይ እንደ ትልቅ ማራገቢያ የሚዞር ነገር አለ። ወደ ሞተሩ ከሚገባው ዘጠኝ እጅ አየር ውስጥ ስምንቱ እሳቱ ዘንድ አይደርስም፤ ማራገቢያው እየገፋ በጎን ያሳልፈዋል። እሳት የሚነካው አንዱ እጅ ብቻ ነው፤ ሥራውም ማራገቢያውን ማዞር ነው። ብዙ አየርን ቀስ ብሎ መግፋት ጥቂት አየርን በችኮላ ከመግፋት ይልቅ ነዳጅ ይቆጥባል። ዛሬ ከቦሌ ተነስቶ የሚበር ማንኛውም ትልቅ የመንገደኛ ጄት የሚሠራው በዚሁ መላ ነው።

አሜሪካኖቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ተሸወዱ። አውሮፕላኑ በንድፍ ላይ ሳለ ክብደቱ እየጨመረ አስቸገራቸው፤ ለማቅለል ከክንፉ ብረት ቀነሱለት። አገልግሎት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ክንፉ ይሰነጠቅ ጀመር፣ እንደ ልብ መጫንም ቀረ። በ1980ዎቹ 77 ጋላክሲዎች አዲስ ክንፍ ተሠርቶላቸዋል። አውሮፕላን ገዝቶ ክንፉን እንደ ጫማ ሶል ማስቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ አንባቢው ይገምት።

ኪየቭ ይህን ሁሉ ከሩቅ እየተመለከተ የራሱን መጀመር ነበረበት። አንደኛው ዕዳ ሞተሩ ነው። ሶቭየት ኅብረት እንዲህ ያለ ባለ ትልቅ ማራገቢያ ኃይለኛ ሞተር አልነበራትም። ሥራው ለዛፖሪዥያው የሞተር ቢሮ፣ ለቭላዲሚር ሎታሬቭ ተሰጠ። ዲ-18ቲ የተባለው ሞተር ተሠርቶ መሞከሪያ ላይ የወጣው በ1980 ነው፤ አንዱ 23.4 ቶን ያህል ይገፋል። አራቱ ቢደመሩ 94 ቶን አይሞሉም። ጭነቱንና ነዳጁን የያዘ ሩስላን ደግሞ ወደ 400 ቶን ይመዝናል። 94 ቶን 400 ቶንን እንዴት ያነሳል የሚል ካለ፣ አያነሳም። ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፤ የሚያነሳው ክንፉ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ እንግዲህ ክንፉ ነበር። በከፍተኛ ፍጥነት በሚበር ክንፍ ላይ የላይኛው አየር ከድምፅ ፍጥነት ያልፍና ድንገት ሲሰበር ይጎትታል፤ ስለዚህ የጄት ክንፍ ቀጭን መሆን አለበት ይባል ነበር። ቀጭን ክንፍ ግን ደካማ ነው፤ ለማጠንከር ብረት ሲጨመርበት ይከብዳል፣ ሆዱም ነዳጅ አይዝም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተደረሰበት ነገር የክንፉን ጀርባ ጠፍጠፍ፣ የኋላ ጠርዙን ከሥር ጎድጎድ አድርጎ ቢሠሩት ወፍራም ሆኖም በፍጥነት መብረር እንደሚችል ነው። የኪየቭ መሐንዲሶች በዋና ንድፍ አውጪው በቪክቶር ቶልማቼቭ መሪነት የያዙት ይህንን መንገድ ነው። ወፍራም ክንፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 73.3 ሜትር።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ክንፉ የሚሠራው ኪየቭ አልነበረም፤ ታሽከንት ነበር፣ ኡዝቤኪስታን። ያን የሚያህል ክንፍ ከመካከለኛው እስያ ኪየቭ ድረስ በምን ይምጣ? በባቡር አይሞከርም። ሁለት አንቶኖቭ 22ዎች ተመረጡና ጀርባቸው ላይ ማሰሪያ ተሠራላቸው። ክንፉ ጀርባ ላይ ሲወጣ አየሩን ስለሚያውክ ጅራታቸው ላይ ሦስተኛ ቀጥ ያለ ክንፍ ተጨመረላቸው። እንግዲህ ሩስላን ከመወለዱ በፊት ክንፉን አዝሎ ያመጣለት ያ ግድግዳ ጋር የተጋጨው አሮጌ አውሮፕላን ነው። ሁለቱ አዛዮች ለብዙ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሰዋል።

ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 የሙከራ አብራሪው ቭላዲሚር ቴርስኪ ሩስላንን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳው። አንቶኖቭ ይህን አይቶ በሚያዝያ 1984 አረፈ፤ አውሮፕላኑ በ1985 ሌ ቡርዤ ላይ ሲታይ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሩስላን 171,219 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 10,750 ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ። በ1987 ደግሞ መሀል ላይ ነዳጅ ሳይቀዳ 20,151 ኪሎ ሜትር በረረ፤ 25 ሰዓት ተኩል ፈጀበት።

እስካሁን ያወራሁት የሰማዩን ጉዳይ ነው። ሰማዩ ግን የነገሩ ግማሽ ነው፤ እንዲያውም ቀላሉ ግማሽ። የአክሱምን ድንጋይ አንድ ክፍል በክብደት ብቻ ከሆነ የሚያነሱ ሌሎች አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከመቶ ቶን በላይ ይችላል። ችግሩ የ747 ወለል ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ነው። ድንጋዩን እዚያ የሚያደርሰው ምን ማንሻ ነው? ቢደርስስ በአፍንጫው በር በኩል ያለው ቁመት መች ያስገባዋል? 747 የተሠራው ዕቃ በልክ በልኩ ታሽጎ ለሚመጣበት፣ ማንሻው ቆሞ ለሚጠብቅበት ማረፊያ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ንጉሥ ነው። ምንም በሌለበት ቦታ ግን ዕቃውን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ቆሞ ከመቅረት በቀር አማራጭ የለውም።

ሩስላንን የሠሩት ሰዎች የታዘዙት ለሌላ ዓይነት ማረፊያ ነበር። ታንክና ሚሳይል ጭኖ ሳይቤሪያ ውስጥ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ የሚያወርድ አውሮፕላን ነው የተፈለገው። ስለዚህ ማረፊያውን ራሱ ይዞት መዞር ነበረበት።

ሃያ አራት ጎማ አለው፤ ከፊት አራት፣ ከሆዱ ሥር ግራና ቀኝ አሥር አሥር። ክብደቱ ተበትኖ ስለሚያርፍ ማኮብኮቢያውን አይቦረቡርም። ቆሞ ሊያራግፍ ሲል አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይከፈታል፤ አብራሪዎቹ ከጭነቱ በላይ ፎቅ ላይ ስለሆኑ ክፍላቸው ከቦታው አይነቃነቅም። ከፊት ሆዱ ሥር ሁለት የብረት እግሮች ወጥተው መሬት ይረግጣሉ። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ፤ አውሮፕላኑ በፊቱ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። አፉ ውስጥ የታጠፈው መሸጋገሪያ ተዘርግቶ አፈሩን ይነካል።

ከአፋር ጨው ጭኖ የሚወጣ ግመል አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የሚገርመው አይመስለኝም። ግመል የሚጫነው ቆሞ አይደለም። መጀመሪያ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ጫኙ አሞሌውን ወደ ላይ አያነሳም፣ እንስሳው ይወርድለታል። ጋላክሲም ይንበረከካል፤ ሁለት ብቻ የሆኑበት ምስጢር ይኼው ነው። መቶ ቶን ተሸክሞ መብረር የሚችል ሌላ ይገኛል፤ መቶ ቶን ለመሸከም የሚንበረከክ ግን ከእነዚህ ሁለት ዘሮች ውጭ የለም።

ውስጡ ሲታይ አዳራሽ ነው። 36 ሜትር ርዝመት፣ 6.4 ሜትር ስፋት፣ 4.4 ሜትር ከፍታ። ኋላውም ስለሚከፈት መኪና በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት ይችላል። ጣሪያው ላይ ሐዲድ አለ፤ በሐዲዱ ላይ የሚሄዱ ክሬኖች አንድ ላይ ሃያ ቶን ያነሳሉ። ከዚያ በላይ የሆነውን በገመድ መጎተቻ እያንሸራተቱ ያስገቡታል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጩለት ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ጎማዎቹ በሚያርፉበት የጎን ዕብጠት ውስጥ አሉ፤ ስለዚህ ከማረፊያው መብራት እንኳ አይለምንም። አንድ ጉድለት አለው፤ በበረራ ጊዜ የጭነቱ ክፍል አየር ሳስቶ ስለሚቆይ ሰው የሚቀመጠው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ድንጋይ ግን አይተነፍስም።

ከሩስላን የተወለደውን ሚሪያን መዝለል አይቻልም፤ በዩክሬንኛ "ሕልም" ማለት ነው። ቡራን የተባለችውን የሶቭየት የጠፈር መንኮራኩር በጀርባ ለማዘል ሲፈለግ የሩስላን ሆድ ረዘመ፣ ክንፉ መሀል ላይ ተቀጠለ፣ ሞተሩ ስድስት ጎማው 32 ሆነ፣ ጅራቱ ለሁለት ተከፈለ። አንቶኖቭ 225 ተብሎ ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 በረረ። አንድ ብቻ ተሠራ። ዓለም የወደደው እሱን ነው፤ የትም ሲያርፍ አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ሰው ብዛት ሌላ ነበር። እኔ እውነቱን ለመናገር ለሩስላን አደላለሁ። ሚሪያ ለድግስ የሚወጣ ልብስ ነበር፤ የዘወትሩ ሩስላን ነው።

የዘወትር የሆነው ግን ማንም ሳያቅደው ነው። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ሚሳይል የሚያስጭን ቀረ። ቡራንም ቀረች፤ ሚሪያ ከ1994 ጀምሮ ቆሞ ሞተሮቹ ለሩስላኖች ተነቀሉ፣ ዳግመኛ የበረረው በ2001 ነው። አውሮፕላኖቹ የተገጣጠሙባቸው ሁለት ከተሞች፣ ኪየቭና የሩሲያዋ ኡልያኖቭስክ፣ በአንድ ጀምበር የሁለት አገር ሆኑ። ኅብረቱ ከመፍረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የኪየቩ ቢሮ ከአንድ የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ሆኖ አውሮፕላኑን ማከራየት ይዞ ነበር፤ ኡልያኖቭስክ ላይም ቮልጋ ድኔፕር የተባለ የጭነት አየር መንገድ ተቋቁሞ ነበር። ገበያው እንዳለ ማንም ቆጥሮት አያውቅም ነበር። የኃይል ማመንጫ የተሰበረበት፣ የነዳጅ ጉድጓድ የቆመበት፣ ሳተላይት የሚልክ፣ ሁሉም ለካ የሚጠብቀው የሚንበረከክ አውሮፕላን ኖሯል።

ወታደሩን ነጋዴ ለማድረግ ግን የሲቪል ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ዋጋውም ከባድ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1992 ኪየቭ አጠገብ በሙከራ በረራ ላይ የነበረ ሩስላን የአፍንጫው በር ተሰብሮ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት ዘጠኝ ሰዎች ስምንቱ ሞቱ። ያ የሚከፈተው አፍንጫ፣ የአውሮፕላኑ ኩራት፣ የድካሙም ቦታ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈቃዱ ተሰጠ። አንቶኖቭ 124-100 የሚባለው ይህ ነው፤ የሲቪሉ ሕግ ጭነቱን ከ150 ወደ 120 ቶን አወረደው። በኋላ አካሉ ተጠናክሮ 150ው ሲመለስለት ስሙ 124-100ኤም-150 ሆነ።

ሞተሩ ግን ለብዙ ዓመት አስቸጋሪ ነበር፤ ዕድሜው አጭር፣ ጠባዩ ያልተጨበጠ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1997 ሁለት ሱ-27 ተዋጊ ጄቶችን ጭኖ ከኢርኩትስክ የተነሳ የሩሲያ አየር ኃይል ሩስላን ሞተሮቹ ተራ በተራ ቆመውበት መኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከስልሳ ሰው በላይ አለቀ፤ ብዙዎቹ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የውጭ ሞተር ለመግጠም የታሰበው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። 124-200 የጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ 124-210 ደግሞ የሮልስ ሮይስ ሞተር እንዲኖራቸው ታቅደው ነበር። ሁለተኛው የቀረበው ለእንግሊዝ አየር ኃይል ሲሆን፣ እንግሊዞቹ በ2000 አራት የአሜሪካ ሲ-17 ለመከራየት ወሰኑ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀሩ።

በረራው ግን ቀጠለ። በ1993 ለኃይል ማመንጫ የሚሆን ጄኔሬተር ከመደገፊያው ጋር 135 ቶን ሆኖ ከጀርመን ዱስልዶርፍ ኒው ዴልሂ ገባ። በ1994 ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝን የባቡር መጎተቻ ከካናዳ ወደ አየርላንድ በረረ። በ2001 ቻይና ሃይናን ደሴት ላይ ተገዶ ያረፈው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ተበታትኖ አገሩ የተመለሰው በሩስላን ሆድ ነው፣ ለዚያውም በሩሲያ ድርጅት። ኔቶም አልቀረም፤ ከ2006 ጀምሮ ላይፕዚግ ላይ ሩስላኖችን በኮንትራት ያዘ። ሊዋጋው የተሠራውን አውሮፕላን ኪራይ እየከፈለ ይጠቀምበታል።

አሁን ወደዚያች ማለዳ እንመለስ። ከሮም አክሱም በቀጥታ ሲለካ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሩስላን ርቀቱ ምንም አይደለም። ሐውልቱ በሙሉ 150 ቶን ግድም ሲሆን በሦስት ስለተከፈለ ጭነቱም አልከበደውም። የከበደው አክሱም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በአምስተኛ እጅ ገደማ ይሳሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በፍጥነት ነው፣ ለመቆምም ረጅም መንገድ ይበላል። ሞተሩ ራሱ የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ፀሐይ ከበረታች ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። ማለዳ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ማኮብኮቢያው የተሠራውም ለዚህ ነው።

አረፈ፤ ቆመ፤ አፍንጫው ተከፈተ። ጥንት ይህን ድንጋይ ከጎቦ ድራ፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው የድንጋይ ማውጫ፣ ፈልፍለው ያመጡት ሰዎች ሞተርም ሐዲድም አልነበራቸውም። የተመለሰው ግን አርባ ዓመት በፈጀ የሞተርና የክንፍ ሙግት ነው። ሐውልቱ እንደገና ቆሞ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ።

ተሸካሚዎቹ ዛሬ የት ናቸው? በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት ኪየቭ አጠገብ ያለው የሆስቶሜል አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ ነበር። ሚሪያ መጠለያው ውስጥ እንዳለ ተቃጠለ። የኪየቭ ሩስላኖች ሥራቸውን ከላይፕዚግ ይሠራሉ። የሩሲያዎቹ ከአብዛኛው ዓለም ሰማይ ታግደዋል፤ አንዱ ከቻይና የኮቪድ መመርመሪያ ጭኖ ቶሮንቶ ካረፈ በኋላ የካናዳ ሰማይ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ፣ በ2023 የካናዳ መንግሥት እንዲያዝ አዘዘ። እንደገና ማምረት ይጀመራል እየተባለ ሩሲያና ዩክሬን ደጋግመው ሲመክሩ ነበር፤ ከ2014 ወዲህ እሱም ቀረ። በጠቅላላው የተሠሩት 55 ያህል ናቸው። የመጨረሻው አዲስ ሩስላን ከኡልያኖቭስክ ፋብሪካ የወጣው በ2004 ነው፤ ሐውልቱ አክሱም ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ይህን የሚያክል የሚንበረከክ አውሮፕላን ዛሬ የሚያመርት ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም።